ለሽልማት የታጨ የጦር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ «የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ደሴ ላይ የሚሰበሰብ አነስተኛ የንባብ ክበብ አለን። ለሁጎና ለኔቡላ ሽልማት ከታጩ የእንግሊዝኛ አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል ወታደራዊ የሆኑትን እየመረጥን በአማርኛ ዳሰሳ ልንጽፍባቸው ተስማምተናል። ከአስር ነጥብ አራቱን ለሳይንሱ ትክክለኛነት፣ አራቱን ለውትድርናው ትክክለኛነት፣ ሁለቱን ለቋንቋው ልንሰጥ አስበናል። ችግሩ ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ‹ይህን የጻፈው ሰው ምሽግ ውስጥ አድሮ አያውቅም› እያሉ ሁሉንም ይጥሏቸዋል። ሌሎቻችን ደግሞ ለዓለም አቀፍ ሽልማት የበቃን ሥራ የምንተች እኛ ማን ነን እንላለን። ጦርነት በደጃፋችን ካለፈ ጥቂት ዓመት ነውና እንዲህ ያለውን ነገር ማንበቡ ራሱ የሚከብዳቸው አባላትም አሉ። በምን እንመዝን?»

ምላሽ፦ የነጥብ አሰጣጡን ይተዉት። አጭር ልብ ወለድ ሳይንሱ ለብቻው፣ ውትድርናው ለብቻው፣ ቋንቋው ለብቻው ተቆርጦ የሚመዘን ነገር አይደለም፤ በዚህ ዘርፍ ደግሞ ታሪኩ የሚቆመውም የሚወድቀውም ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የጋሼ ቁጣና የሌሎቻችሁ ፍርሃት የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ወገን ዳኝነቱን ከታሪኩ ውጭ ላለ ነገር አሳልፎ ሰጥቷል፤ እሳቸው ለራሳቸው ትዝታ፣ እናንተ ለሽልማቱ ስም።

ከሽልማቱ ልጀምር። ሁጎ በሊቃውንት ጉባኤ የሚሰጥ ማዕረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ፣ ስሙንም ከመጽሔት አዘጋጁ ከሁጎ ጌርንስባክ የወሰደ የአንባቢዎች ሽልማት ነው። እጩዎቹን የሚጠቁሙትም አሸናፊውን የሚመርጡትም በየዓመቱ ለሚካሄደው የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ የአባልነት ክፍያ የከፈሉ ሰዎች ናቸው። አንድ አባል በአንድ ዘርፍ እስከ አምስት ሥራ ይጠቁማል፤ በቆጠራው የበላይ የሆኑት ስድስቱ ወደ መጨረሻው ዙር ያልፋሉ። ኔቡላ በአንጻሩ የሙያ ባልደረቦች ድምፅ ነው፤ የሚሰጡት እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ተብሎ የተመሠረተው ማኅበር አባላት ናቸው። ሁለቱም ለወታደራዊ ታሪክ የተለየ ዘርፍ የላቸውም። ልብ ወለድን የሚከፋፍሉት በርዝመቱ ነው፦ ከ7,500 ቃል በታች የሆነው አጭር ልብ ወለድ ይባላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 17,500፣ ከዚያም እስከ 40,000 ቃል የሚደርሱት የየራሳቸው ዘርፍ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የድራገን ሽልማት ለወታደራዊ ሥራ የተለየ ዘርፍ ይዞ ቢነሳም እሱም ለረጅም ልብ ወለድ እንጂ ለአጭር አልነበረም። ስለዚህ «ወታደራዊ አጭር ልብ ወለድ» ብላችሁ የምትመርጡት ዝርዝር የእናንተው ምርጫ ነው። ታሪኩ በተወዳደረበት መድረክ ላይ ከፍቅር፣ ከተረትና ከሩቅ ዓለም ጉዞ ጋር ነው የቀረበው፤ ዳሰሳችሁም ይህን ሊያስታውስ ይገባል።

መታጨት ማለት እንግዲህ በዚያ ዓመት በቂ ሰዎች አንብበው ወደዱት ማለት ነው፤ ያም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ቡድኖች የተዘጋጀ ዝርዝር ለደጋፊዎቻቸው አሰራጭተው የሁጎን የእጩነት መዝገብ ብዙውን ቦታ ያዙት። በሁጎ የመጨረሻ ድምፅ አሰጣጥ ላይ መራጩ እጩዎቹን በቅደም ተከተል ሲደረድር «ሽልማት አይሰጥ» የሚለውንም እንደ አንድ እጩ በፈለገበት ደረጃ ማስቀመጥ ይችላል። በዚያ ዓመት 5,950 መራጮች ድምፅ ሰጡ፤ በአምስት ዘርፎችም «ሽልማት አይሰጥ» አሸነፈ። አጭር ልብ ወለድ ከአምስቱ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንድ ቡድን መዝገቡን ጠቅልሎ እንዳይዝ የእጩዎች አቆጣጠር ተለውጧል። ይህን የማነሳው በዝርዝሩ ከገቡት መካከል ወታደራዊ ታሪኮች ስለነበሩና ጠባሳው እስከ ዛሬ በዘርፉ ላይ ስለቀረ ነው። ወታደር ያለበትን ሁሉ ገና ከርዕሱ የሚያጣጥል ሐያሲ አለ፤ በተቃራኒው ወገን ለመቆም ብሎ ደካማውን ሁሉ የሚያሞግስም አለ። ሁለቱም ሳያነብ ፈርዷል። ክበባችሁ የዚያ ጠብ ወራሽ መሆን የለበትም። ስለ ደራሲው የፖለቲካ አቋም፣ ስለ ደጋፊዎቹና ስለ ጠላቶቹ የተጻፈውን ከታሪኩ በፊት አታንብቡ።

ጋሼ የሚሉት እውነትነት አለው፤ ሥልጣኑ ግን ወሰን አለው። ምሽግ ውስጥ ያደረ ሰው ከሁላችሁም ቀድሞ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። ውትድርና በአብዛኛው መጠበቅ እንደሆነ፣ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እየተሸራረፈ እንደሚደርስ፣ ውሃና ጫማ ከጀግንነት እንደሚቀድሙ፣ ጓድ ሲወድቅ ረጅም ንግግር እንደማይደረግ ያውቃል። እነዚህን የማያውቅ ታሪክ መርከቡን በከዋክብት መካከል ቢያበረውም ባዶ ነው። ነገር ግን «እኔ ያየሁት ጦርነት እንዲህ አልነበረም» ማለት ብቻውን ሂስ አይሆንም። ደራሲው የፈጠረው ሠራዊት የራሱ ሕግ አለው፤ የሐያሲው ሥራ ታሪኩ ያንን ሕግ እስከ መጨረሻው መጠበቁን መመርመር ነው። ስለዚህ ጋሼን «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብላችሁ አትጠይቋቸው። «ይህ ሃምሳ አለቃ እዚህ ቦታ ላይ ትእዛዙን ይቀበል ነበር? እምቢ ቢል ማን ምን ያደርገው ነበር? ደራሲው ይህን ዋጋ አሳይቷል ወይስ ዘሎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸው ለዳሰሳችሁ ሥጋና ደም ይሆናል፤ ከዚህ አገር ውጭ ያለ ሐያሲ የማያገኘው ሀብት ነው።

የጦር ታሪክ ተኩስ አለበት የሚለውም መታረም ያለበት ነው። እንግሊዛዊው ኤሪክ ፍራንክ ራስል እ.ኤ.አ. በ1955 ለአጭር ልብ ወለድ የተሰጠውን የመጀመሪያውን ሁጎ የወሰደው «አላማጉሳ» በተባለው ታሪኩ ነው። ውጊያ የለበትም። የአንዲት የጠፈር መርከብ ባልደረቦች ከአንድ አድሚራል ለሚመጣባቸው የንብረት ቆጠራ ይዘጋጃሉ። በመዝገቡ ላይ ማንም ምን እንደሆነ የማያውቀው አንድ ዕቃ ተጽፎ ይገኛል። አዛዡ «የለም» ብሎ ከማሳወቅ ይልቅ ዕቃ የሚመስል ነገር ያሠራል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ውሸት ሌላውን ይጎትታል። ፍጻሜውን አልነግራችሁም። ሰኔ 30 ሲቃረብ በመንግሥት መጋዘን ንብረት ሲቆጠር ያየ ሰው ግን የእነዚያን ባልደረቦች ላብ ያውቀዋል። ይህ ታሪክ አስቂኝ ይሁን እንጂ ስለ ሠራዊት ያለው ዕውቀት ጥልቅ ነው፤ የበታቹ ጠላትን ከሚፈራው በላይ ሪፖርትን የሚፈራበትን ሥርዓት በጥቂት ገጽ ያሳያል።

አሁን ወደ ሳይንሱ ልምጣ። የሳይንስ ስህተት መልቀም ቀላል ነው፤ ጠፈር ውስጥ ፍንዳታ አይሰማም፣ የጨረር መሣሪያ መስመር በባዶ ቦታ ላይ ከጎን አይታይም፣ ሞተሯን ያጠፋች መርከብ አትቆምም፣ በያዘችው ፍጥነት ትቀጥላለች። እነዚህን ማወቅ ደግ ነው፤ ለሂስ የሚጠቅሙት ግን ስህተቱ ታሪኩ የተደገፈበት ምሰሶ ሲሆን ብቻ ነው። ዋናው ፈተና ሌላ ነው። የተፈጠረውን መሣሪያ ወይም ዕውቀት አውጡትና በቦታው ክላሽንኮቭ ተኩ። ታሪኩ ሳይናጋ ከቆመ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይደለም፣ ልብስ የለወጠ የጦር ሜዳ ታሪክ ነው። ቀጥሎም ጦርነቱን አውጡት። ታሪኩ አሁንም ከቆመ ደግሞ የወታደር ልብሱ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም ፈተና የሚያልፍ ታሪክ ፈጠራው አንድ ወታደር ከሚወስነው ውሳኔ ጋር የተጋመደበት ነው፤ ሐያሲው የሚፈልገውም ያንን የመጋመጃ ነጥብ ነው።

ጆ ሃልደማን በቬትናም ጦርነት የዘመተና የቆሰለ ወታደር ነበር። «ዘላለማዊው ጦርነት» የተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1974 በመጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት ክፍሎቹ በመጽሔት ታትመዋል፤ አንዱ ክፍልም በኖቬላ፣ ማለትም ከ17,500 እስከ 40,000 ቃል ባለው ዘርፍ፣ ለሁጎ ታጭቶ ነበር። ወታደሮቹ ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት ይጓዛሉ፤ በአንስታይን ሕግ መሠረት ለእነሱ ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ በምድር ላይ አሥርተ ዓመታት፣ ኋላም መቶ ዓመታት ያልፋሉ። ተመላሹ የሚያገኘው አገር ቋንቋውም ልማዱም ተለውጦበት ነው። እዚህ ላይ ፊዚክሱ ጌጥ አይደለም፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ለቤቱ እንግዳ የሚሆንበትን ሐዘን የሚሸከመው ራሱ ፊዚክሱ ነው። ስሌቱን ብታወጡት ሐዘኑም አብሮ ይወጣል። ከዳሰሳችሁ የምጠብቀው እንዲህ ያለውን ትስስር ነቅሶ ማሳየት ነው።

ሌላው ለወታደራዊ ታሪክ የሚመች የፊዚክስ እውነት የመልእክት መዘግየት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከምድር ወደ ጨረቃ በአንድ ሰከንድ ከሩብ ገደማ ይደርሳል፤ ወደ ማርስ ግን ፕላኔቶቹ እንዳሉበት ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። ምድር ላይ ያለ ጀነራል ማርስ ላይ ያለን ጓድ በቀጥታ ሊያዝ አይችልም። ትእዛዙ ሲደርስ ሁኔታው ተለውጧል፤ ውሳኔው ግንባር ላይ ባለው የበታች ሹም ትከሻ ላይ ይወድቃል። ደራሲው ይህን ረስቶ አዛዡን በስክሪን ፊት ለፊት ካነጋገረው የጠፋው የሳይንስ ነጥብ ብቻ አይደለም፤ የታሪኩ ምርጥ ግጭት አብሮ ጠፍቷል።

የደሴ ሰው ለዚህ ጉዳይ ባይተዋር አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አድርገው ከሰሜን ግንባር አዛዦች ጋር በሬዲዮና በመልእክተኛ ይገናኙ ነበር። መልእክተኛው ተራራና ሸለቆ አቋርጦ እስኪደርስ ግንባሩ ይለወጣል፤ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ደግሞ ጣሊያኖች ይጠልፉት ነበር። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቧት። ሰማይ ላይ የሚበር መሣሪያ የአንዲትን ከተማ ሰው የጦርነት ግምት እንዴት እንደሚለውጥ እዚህ የታወቀው ዛሬ አይደለም። አንድ ታሪክ «አዲስ መሣሪያ መጣ» ሲል በመሣሪያው ሥር የቆመው ሰው ምን እንደተሰማው ለመጠየቅ ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ አንባቢ ጥቂት ነው። ሽልማቱን የምንተች እኛ ማን ነን ለሚለውም መልሴ ይኸው ነው።

በመሣሪያው ሥር ስለቆመው ሰው የሚነሳውን ጥያቄ በጥንቃቄ ያዙት። ከወታደራዊ ታሪኮች ብዙዎቹ ጦርነቱ የሚያልፍበትን ከተማ ሕዝብ አያሳዩም። ነዋሪው ስም የሌለው ቁጥር ወይም የጀግናው ቁጣ ማቀጣጠያ ሆኖ ይቀራል። ዳሰሳችሁ ይህን ጉድለት በድፍረት ይናገር፤ ከመሳሪያው ትክክለኛነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ነገር ግን 5,000 ቃል ብቻ ያለውና ሙሉ በሙሉ በአንዲት መርከብ ውስጥ የሚያልቅ ታሪክ ከተማ ባለማሳየቱ አይወቀስም። የሚወቀሰው ከተማውን አምጥቶ ሰዎቹን ሲዘነጋ ነው። ለምሳሌ በዴቪድ ሌቪን የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2015 ከታተሙት መካከል ለኔቡላ የታጨው «ጉዳት» የሚባለው ታሪክ ተራኪዋ ራሷ መሣሪያ ናት፤ ከተሰባበሩ መርከቦች ቅሪት የተገጣጠመች፣ የቀደሙት መርከቦች አሟሟት ትዝታ አብሯት የቀረ የውጊያ መርከብ። አብራሪዋን እንድትወድ ሆና ተሠርታለች። ታሪኩ ጠባብ ነው፤ ሆኖም የሚጠይቀው ጥያቄ ከመርከቧ አልፎ ይወጣል፦ እንድትታዘዝ ተደርጋ የተሠራች ነፍስ ምን ያህል ተጠያቂ ናት? ሁለቱን ፈተናዎች ሞክሩበት፤ ያልፋል።

ስለ አጭርነት አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ምክንያቱም በአማርኛ በሚጻፉ ዳሰሳዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ግድፈት ነው። አጭር ልብ ወለድ የተጨመቀ ረጅም ልብ ወለድ አይደለም። በ7,500 ቃል ውስጥ የአንድን ጦርነት መነሻና መድረሻ፣ የሁለት ሥርወ መንግሥታት ታሪክ፣ የመርከቡን ዓይነትና የማዕረጉን ተዋረድ መዘርዘር የሚፈልግ ደራሲ ለሰው ቦታ አያስቀርም። በዚህ ዘርፍ በብዛት የማየው ድካም ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ሦስተኛ ክፍል የመሣሪያ ዝርዝር፣ የመጨረሻው አንቀጽ ድንገተኛ መገለጥ፣ በመካከል ደግሞ ገጸ ባሕርይ የሌለው ተኩስ። ድንገተኛ ፍጻሜ በራሱ ክፉ አይደለም። ሁለተኛ ስታነቡት ቀድሞ የተዘራ ዘር ካገኛችሁ ፍጻሜው የታሪኩ ነው፤ ካላገኛችሁ አንባቢን ማታለያ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያልተነበበ ታሪክ ላይ ዳሰሳ አይጻፍ።

የከበዳቸው አባላት ጉዳይ ከሂስ ሥራ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሆነውን ደሴም ኮምቦልቻም የሚያስታውሱት በየቤታቸው ነው። የሚነበበው ታሪክ ውስጥ የከተማ ድብደባ፣ የእስረኛ ሥቃይ፣ የሕፃናት ሞት ካለ ከስብሰባው በፊት ለሁሉም ይነገር፤ ያንን ሳምንት መቅረት የፈለገ ያለ ማብራሪያ ይቅር። ድምፅ አውጥታችሁ የምታነቡትን ክፍል አስቀድማችሁ ምረጡ። ከሁሉም በላይ የታሪኩን ተፋላሚዎች በእኛ ጦርነት ወገኖች አትተኩ። «እነዚህ እነ እገሌን ይመስላሉ» የተባለ ቀን ውይይቱ ስለ ታሪኩ መሆኑ ያበቃል፤ በሰው ላይ የሚደርሰውም ጉዳት እውነተኛ ነው። ማንበብ የሐዘን ሕክምና ነው የሚል ተስፋም አትስጡ። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ ነው፤ የንባብ ክበብ ያንን አይተካም።

ሁለት ገደቦችን ልብ በሉ። የምታነቡት በሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስለ ሴራ፣ ስለ ውሳኔ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ በሙሉ ልብ ፍረዱ፤ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ዜማ ግን ስትናገሩ ቆጠብ በሉ፤ የወታደር ቀልድና ስድብ በተለይ ከቋንቋው ውጭ ላለ ሰው በቀላሉ ያመልጣል። ሁለተኛው የሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የመተርጎም መብት የደራሲው ነው። ለሂስ አጭር ጥቅስ መውሰድ ይቻላል፤ ታሪኩን በሙሉ ተርጉሞ ማባዛት ወይም በሬዲዮ ማንበብ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በየዓመቱ ከሚታጩት አጫጭር ታሪኮች ብዙዎቹ እንደ ክላርክስወርልድ፣ ላይትስፒድና አንካኒ ባሉ መጽሔቶች ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ፤ በቴሌግራም የሚዘዋወር የተሰረቀ ቅጂ አያስፈልጋችሁም።

አማራጮቻችሁ ሦስት ናቸው፤ የእያንዳንዱን ታሪክ ዳሰሳ ለብቻው መጻፍ፣ የዓመቱን እጩዎች ባንድነት ማወዳደር፣ ወይም በቃል ተወያይቶ መተው። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ግን ሐሳብን ለወረቀት ፈተና አያቀርብም። ማወዳደሩ ማራኪ ቢሆንም ጀማሪን ወደ ደረጃ ሰንጠረዥ ይመልሰዋል፤ የሸሸነውም ያንን ነው። የመጀመሪያውን ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ ታሪክ ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያ ያለ እርሳስ፣ ቀጥሎ በእርሳስ ይነበብ። ጸሐፊው የሌሎችን አስተያየት ከማየቱ በፊት ረቂቁን ይጨርስ። ዳሰሳው ከ700 እስከ 900 ቃል ይሁን፤ ከዚያ ውስጥ የታሪኩን ሂደት መተረኩ ከሩብ አይብለጥ፤ ፍጻሜው አይነገር። ቀሪው አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ወሳኙን ውሳኔ ማን ወሰነ፣ የተፈጠረው ነገር ያንን ውሳኔ እንዴት ለወጠው፣ ደራሲውስ ዋጋውን አሳይቷል?

በነጥቡ ምትክ ከሁጎ መራጮች አንድ ልማድ ተዋሱ። አራት ወይም አምስት ታሪክ ካነበባችሁ በኋላ እያንዳንዱ አባል በቅደም ተከተል ይደርድራቸው፤ «ሽልማት አይሰጥ» የሚለውን መስመርም በፈለገበት ቦታ ያስምር። ከመስመሩ በላይ ያለው ታሪክ፣ ሌላ ተፎካካሪ ባይኖረው እንኳን፣ ሽልማት የሚገባው ነው ማለት ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ ብቻውን ቢወዳደርም አይገባውም። ይህ ከአስር ሰባት ተኩል ከማለት እጅግ የከበደ ፍርድ ነው፤ ምክንያት ሳያቀርቡ ማስመር አይቻልም። አንድን ታሪክ አንደኛ ያደረገው አባልና ያንኑ ታሪክ ከመስመሩ በታች የጣለው አባል ሁለቱም ዳሰሳ ይጻፉ፤ ጎን ለጎን ይውጡ። ጋሼ አንዱን የጣሉ እንደሆነ በቃል አይቅር፤ የመጀመሪያውን የተቃውሞ ዳሰሳ እሳቸው ይጻፉት።